«12 ከ20» ምን ይነግረናል? የተማሪዎችን የፈተና ውጤት ማንበቢያ መመሪያ

ፈተናው ታርሞ ውጤቱ ማርክ ሊስት ላይ ከሰፈረ በኋላ በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚቀረው ሥራ ሁለት ነው፤ ደረጃ ማውጣትና ከግማሽ በታች ያመጡትን መቁጠር። ሁለቱም ስለ ተማሪው የሚነግሩን ጥቂት ነው። ልጁ ምን እንደቻለ፣ የት ላይ እንደተሰናከለና በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚያስፈልገው የሚታወቀው በየጥያቄው ከመረጠው መልስ እንጂ ከድምሩ አይደለም። ስለዚህ የመልስ ወረቀቶቹን ለተማሪዎች ከመመለስዎ በፊት አንድ ከሰዓት ይመድቡላቸው። አንዴ ከተመለሱ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም።

እዚህ የምንጠቀምበት ማሳያ የ6ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ነው፦ 60 ተማሪዎች፣ አራት አራት አማራጭ ያላቸው 20 ጥያቄዎች፤ 8ቱ ስለ ክፍልፋይ፣ 6ቱ ስለ አስርዮሽ፣ 6ቱ ስለ መቶኛ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው። ስሌቱ ግን በየትኛውም የክፍል ደረጃና የትምህርት ዓይነት ይሠራል፤ ከስልክ ካልኩሌተር ሌላም አይፈልግም።

በመጀመሪያ እርማቱን ይፈትሹ

ከ60ው ወረቀት 10ሩን ሳይመርጡ ያውጡና እንደገና ያርሙ፣ እንደገናም ይደምሩ። ከ10ሩ በሁለቱ ላይ እንኳ ልዩነት ካገኙ ሁሉንም እንደገና ማረም ይሻላል። በጽሑፍ የሚመለሱ ጥያቄዎች ካሉ የአንዱን ተማሪ ወረቀት ከዳር እስከ ዳር አርሞ ወደ ሌላው መሄድ ሚዛን ያዛባል፤ የሁሉንም ተማሪዎች 1ኛ ጥያቄ ጨርሰው ወደ 2ኛው ይለፉ። ስሙ ያለበትን ጥግ አጥፈው ቢያርሙ ደግሞ «ይህ ጎበዝ ነው» የሚለው ግምት በግማሽ ነጥብም ቢሆን እንዳይገባ ይከላከላል።

በግምት የሚገኘውን ነጥብ ይወቁ

አራት አማራጭ ባላቸው 20 ጥያቄዎች ላይ ምንም ሳያነብ ያገኘውን የሚያከብ ተማሪ በአማካይ 5 ያገኛል። ዕድል የቀናው ደግሞ ከዚያ በላይ ያመጣል፦ በጭፍን ከሚገምቱ 10 ተማሪዎች አንዱ ያህል 8 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከ100 ደግሞ 4 ያህሉ 9 ወይም ከዚያ በላይ ያገኛሉ። ስለዚህ 5፣ 6፣ 7፣ 8 ያመጡትን ተማሪዎች «ትንሽ ይጎድላቸዋል» ብሎ መመዝገብ ያሳስታል። ከእነሱ መካከል ምንም የማያውቅም፣ ጥቂት የሚያውቅም አለ፤ ይህ ፈተና ብቻውን ሊለያቸው አይችልም። ሁለት ጥያቄ በቃል ጠይቆ መለየት ግን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

«እውነት ወይም ሐሰት» ላይ ነገሩ ይብሳል። 10 ጥያቄ ያለው የእውነት/ሐሰት ፈተና ላይ በጭፍን የሞላ ተማሪ 5 ወይም ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ 62 በመቶ ነው። ማለፊያው ግማሽ ከሆነ ከአሥር ገማቾች ስድስቱ አለፉ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ፈተና የተገኘ 6 ከ10 «ተማሪው ገብቶታል» ለማለት በቂ ማስረጃ አይሆንም።

የክፍሉን መልክ ይዩ

ውጤቶቹን ከትልቁ ወደ ትንሹ ይደርድሩ። አብዛኛው ሰው ወዲያው አማካዩን ያሰላል፤ አማካይ ግን ብቻውን ክፍሉን ይሸፍነዋል። ሁለት የ10 ተማሪዎች ቡድኖች እንውሰድ።

ቡድን አንድ፦ 10፣ 11፣ 11፣ 12፣ 12፣ 12፣ 12፣ 13፣ 13፣ 14
ቡድን ሁለት፦ 6፣ 7፣ 7፣ 7፣ 8፣ 16፣ 17፣ 17፣ 17፣ 18

የሁለቱም አማካይ 12 ነው። በሁለተኛው ቡድን ግን 12 ያመጣ አንድም ተማሪ የለም፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ክፍል አለ። ለመጀመሪያው ቡድን አንድ ክለሳ ለሁሉም ይበቃል። ለሁለተኛው ያንኑ ክለሳ ቢሰጡ ግማሹ ይሰለቻል፣ ግማሹ አይከተልም።

አማካዩን የሚያዛቡ ጥቂት ከፍተኛ ውጤቶችም አሉ። 4፣ 5፣ 5፣ 6፣ 6፣ 7፣ 7፣ 8፣ 18፣ 19 የሚለው ዝርዝር አማካዩ 8.5 ነው፤ ከአሥሩ ስምንቱ ግን ከአማካዩ በታች ናቸው። እዚህ ላይ መሀል ላይ ያለውን ነጥብ (6.5) መውሰድ ለእውነቱ ይቀርባል።

የውጤቱን ስርጭት በቁጥር ለማስቀመጥ መደበኛ ልይይት (ውጤቶቹ ከአማካዩ በተለምዶ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚያሳይ ቁጥር) ያስፈልጋል። በእጅ ለማስላት አቋራጭ አለ፦ የተማሪዎቹን አንድ ስድስተኛ ከላይ፣ አንድ ስድስተኛ ከታች ይውሰዱ። ከ60 ተማሪ 10 ከላይ፣ 10 ከታች ይሆናል። የላይኞቹ ድምር 170፣ የታችኞቹ 50 ቢሆን ልዩነቱ 120 ነው። ይህንን ለተማሪዎቹ ብዛት ግማሽ፣ ማለትም ለ30 ሲያካፍሉ 4 ያገኛሉ። በሙሉ ቀመር ከሚገኘው የሚለየው በጥቂቱ ነው። የክፍላችን አማካይ 11፣ መደበኛ ልይይቱ 4 ነው ብለን እንቀጥል።

ጥያቄ በጥያቄ ማንበብ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ጊዜ ካጠረዎት ሌላውን ትተው ይህንን ይሥሩ።

ወረቀቶቹን እንደ ድምራቸው ደርድረው ከላይ 27 በመቶውን፣ ከታችም 27 በመቶውን ይለዩ። ይህ መጠን የፈተና ልኬት ተመራማሪው ትሩማን ኬሊ በ1939 እ.ኤ.አ. ካሳዩት ጀምሮ የተለመደ ነው፤ ቡድኖቹ በደንብ የሚለያዩ፣ ለቆጠራም የሚበቁ እንዲሆኑ ያደርጋል። ከ60 ተማሪ 16 ከላይ፣ 16 ከታች ይሆናል። መሀል ያሉትን 28 ወረቀቶች ለጊዜው ያስቀምጧቸው። ከዚያ ለየጥያቄው ማን ምን እንደመረጠ ይቁጠሩ። አንድ ሰው ሲያነብ ሌላው ጭረት ቢያኖር ለ20 ጥያቄ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል።

ለምሳሌ ጥያቄ 7፦ ሁለት አምስተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ስንት ነው?

ሀ. 3/8 — ከላይኞቹ 3፣ ከታችኞቹ 9
ለ. 2/15 — ከላይኞቹ 1፣ ከታችኞቹ 2
ሐ. 11/15 (ትክክል) — ከላይኞቹ 11፣ ከታችኞቹ 3
መ. 3/15 — ከላይኞቹ 1፣ ከታችኞቹ 2

የቅለት መጠኑ፦ ትክክል የመለሱት 11 ሲደመር 3 ለ32 ሲካፈል 0.44። የመለየት አቅሙ (ጥያቄው ጎበዞቹን ከደካሞቹ ምን ያህል እንደሚለይ)፦ 11 ሲቀነስ 3 ለ16 ሲካፈል 0.50። ከ0.40 በላይ የመለየት አቅም ያለው ጥያቄ በጣም ጥሩ ነው፤ ከ0.20 በታች ከሆነ መታየት አለበት።

ትልቁ ትርፍ ግን ያለው በተሳሳቱት መልሶች ውስጥ ነው። 3/8 የመረጡት 12 ተማሪዎች ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምረዋል። ይህ ቸልተኝነት አይደለም። ክፍልፋይን እንደ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ነው የሚያዩት፤ ለእነሱ የጋራ ታህት ማውጣትን መደጋገም ብቻውን አይረዳም። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት አምስተኛን አስቀልመው 3/8 ከ2/5 ያነሰ መሆኑን (0.375 እና 0.4) ማሳየት ይቀድማል፤ ደምረን እንዴት ያነሰ ልናገኝ እንችላለን? 3/15 የመረጡት 3 ልጆች ደግሞ የጋራ ታህቱን አግኝተው ላዕሎቹን ሳይቀይሩ ደምረዋል፤ ለእነሱ የጎደለው አንድ እርምጃ ነው። 2/15 የመረጡት አባዝተዋል፤ ምልክቱን ሳያዩ ይሆናል፣ ወይም ሁለቱን ስሌት ቀላቅለው ይሆናል። ሦስቱም ቡድኖች ማርክ ሊስት ላይ ያላቸው አንድ ዓይነት ዜሮ ነው። የሚያስፈልጋቸው ግን ሦስት የተለያየ ነገር ነው።

አሁን ጥያቄ 13ን እንይ፤ የመልስ ቁልፉ ሐ ይላል፦ ሐ የመረጡት ከላይኞቹ 3፣ ከታችኞቹ 6፤ ለ የመረጡት ከላይኞቹ 12፣ ከታችኞቹ 4። የመለየት አቅሙ ከዜሮ በታች ነው (−0.19)። ጎበዞቹ ተሰብስበው አንድ «የተሳሳተ» መልስ ላይ ሲያርፉ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ቁልፉ ነው። ጥያቄውን ራስዎ ይሥሩት። ቁልፉ ተሳስቶ ከሆነ የ60ዎቹንም ወረቀት በትክክለኛው ቁልፍ ያርሙ። ጥያቄው ራሱ ሁለት ትክክለኛ መልስ ያለው ከሆነ ሁለቱንም ይቀበሉ። ትክክለኛ መልስ ከሌለው ከፈተናው አውጥተው ከ19 ያስሉ። ለሁሉም አንድ አንድ ነጥብ ማደል የተለመደ ነው፤ ግን ደካማውን ውጤት ከፍ አድርጎ ማለፊያው ጫፍ ላይ ያሉትን ያሻግራቸዋል፣ የክፍሉንም አማካይ ያለ ምክንያት ያሳድጋል።

የላይኞቹም የታችኞቹም ሁሉንም አራት አማራጮች በእኩል ከተካፈሉ ክፍሉ በሙሉ ገምቷል ማለት ነው። ያ ርዕስ አልተማረም፣ ወይም ጥያቄው አልገባቸውም። ማንም ያልመረጠው አማራጭ ካለ ደግሞ ጥያቄው በተግባር ባለ ሦስት አማራጭ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀይሩት፤ ጥሩ ምትክ የሚሆኑት ተማሪዎች በክፍል ሥራ ላይ በእርግጥ የሚጽፏቸው ስህተቶች ናቸው።

ከ32ቱ 30ው ትክክል የመለሱት ጥያቄ የመለየት አቅሙ ዝቅ ይላል። ይህ ጉድለት አይደለም። ርዕሱ ሁሉም ሊያውቀው የሚገባ መሠረታዊ ነገር ከሆነ እንዲያውም የተፈለገው ውጤት ይህ ነው። ጥያቄን በመለየት አቅሙ ብቻ መጣል የሚገባው ለውድድር በሚዘጋጅ ፈተና ላይ ነው፤ የክፍል ፈተና ዓላማው ሌላ ነው።

ሁለት 12ዎች እኩል አይደሉም

አንዷ ተማሪ ክፍልፋይ 8 ከ8፣ አስርዮሽ 3 ከ6፣ መቶኛ 1 ከ6 አግኝታ 12 ሆነች። ሌላው ክፍልፋይ 4፣ አስርዮሽ 4፣ መቶኛ 4 አግኝቶ 12 ሆነ። የመጀመሪያዋ ክፍልፋይን ጨርሳለች፣ መቶኛ ላይ ግን ገና አልጀመረችም፤ ምናልባት ያ ትምህርት በተሰጠበት ሳምንት ቀርታ ይሆናል፣ የአቴንዳንስ መዝገቡን ይዩ። በኅዳር የአጨዳ ወቅት የሚቀሩ ልጆች ያሉበት ትምህርት ቤት ላይ ይህ ደጋግሞ ይታያል። ሁለተኛው ሁሉንም በግማሽ ይዟል።

ስለዚህ ማርክ ሊስቱ ላይ ከድምሩ በፊት ለየርዕሱ አንድ አንድ ዓምድ ይክፈቱ። ገደቡን ግን ይወቁ፦ በአንድ ርዕስ ላይ ከአራት ወይም አምስት ያነሰ ጥያቄ ካለ ስለዚያ ርዕስ ለአንድ ተማሪ መናገር አይቻልም። ለክፍሉ በጠቅላላ ግን ይቻላል፤ አንድ ጥያቄም ቢሆን 60 ሰው መልሶታልና።

ደረጃ ከማውጣትዎ በፊት

ያው ተማሪ ያንኑ ፈተና የሚመስል ሌላ ፈተና ነገ ቢፈተን ያንኑ ነጥብ አያመጣም። ምን ያህል ሊለዋወጥ እንደሚችል ማስላት ይቻላል። የፈተና ልኬት ተመራማሪዎቹ ኩደርና ሪቻርድሰን በ1937 እ.ኤ.አ. ካወጧቸው ቀመሮች ቀላሉ እንዲህ ይሠራል፦ አማካዩን (11) ካልተገኘው ነጥብ (20 ሲቀነስ 11፣ 9) ጋር ያባዙ፤ 99። መደበኛ ልይይቱን በራሱ (16)፣ ከዚያ በጥያቄው ብዛት ያባዙ፤ 320። 99 ለ320 ሲካፈል 0.31፤ ከ1 ሲቀነስ 0.69፤ በ20/19 ሲባዛ 0.73። ይህ የፈተናው አስተማማኝነት ነው (ወደ 1 በቀረበ ቁጥር ውጤቱ ቢደገም ብዙም አይለዋወጥም)፤ አንድ መምህር ላዘጋጀው ፈተና ደህና ነው። አሁን ከ1 ላይ 0.73 ይቀንሱ (0.27)፣ ዳግም ዘሩን ያውጡ (0.52)፣ በ4 ያባዙ፤ 2 ነጥብ ገደማ ይመጣል።

ይህ ማለት 12 ያመጣው ልጅ እውነተኛ ችሎታው በአብዛኛው ከ10 እስከ 14 ባለው ውስጥ ነው ማለት ነው። እንግዲህ 19 ያመጣችውን 1ኛ፣ 18 ያመጣውን 4ኛ ብሎ መጥራት በፈተናው ያልተለካ ልዩነት ማወጅ ነው። ልጆች በዚህ ደረጃ ይሸለማሉ፣ ይገረፉበታልም። የአንድ ነጥብ ልዩነት ያንን ሊሸከም አይችልም። ትምህርት ቤቱ ደረጃ ካስገደደ ያውጡ፤ ስለ ልጁ ውሳኔ ሲወስኑ ግን ከሁለት ነጥብ በታች ያለን ልዩነት እንደሌለ ይቁጠሩት። ማለፊያው 10 ላይ ሆኖ 9 ያመጣን ልጅ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ሳያዩ አይጣሉት።

ከትምህርት ትምህርት፣ ከፈተና ፈተና

ልጁ በሒሳብ 12፣ በአማርኛ 15 አመጣ። በአማርኛ ይሻላል? የአማርኛው አማካይ 16፣ መደበኛ ልይይቱ 2 ከሆነ ልጁ ከክፍል ጓደኞቹ አንጻር በግማሽ ልይይት ዝቅ ብሏል፤ በሒሳብ ግን በሩብ ልይይት ከፍ ብሏል (12 ሲቀነስ 11 ለ4 ሲካፈል)። ስለዚህ ከክፍሉ አንጻር የሚሻለው በሒሳብ ነው። ይህ ንጽጽር የሚነግረን ከጓደኞቹ ጋር ሲታይ የት እንዳለ ብቻ ነው፤ መላው ክፍል ደካማ ከሆነ ከአማካይ በላይ መሆንም አያጽናናም።

በጥቅምት 60 በመቶ የነበረው የክፍል አማካይ በታኅሣሥ 52 ከሆነ ክፍሉ ወርዷል ማለት አይደለም፤ ሁለተኛው ፈተና ከብዶ ይሆናል። ማወቂያው ቀላል ነው፦ በየፈተናው ከቀድሞው አራት አምስት ጥያቄ ሳይለወጡ ይድገሙና በእነሱ ላይ ብቻ ያወዳድሩ። ለዚህም ሲባል የጥያቄ ወረቀቱን ከተፈታኞች መሰብሰብ ያስፈልጋል።

ተከታታይ ምዘናና ማጠቃለያ ፈተና

ከ40 የሚያዘው ተከታታይ ምዘና ላይ 36፣ ከ60 የሚያዘው ማጠቃለያ ላይ 18 ያመጣ ተማሪ ድምሩ 54 ነው፤ አልፏል። ግን አንዱ 90 በመቶ፣ ሌላው 30 በመቶ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ሳያዩ 54ን ማንበብ አይቻልም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ የቡድን ሥራ ለሁሉም አባል እኩል ተሰጥቷል፤ የቤት ሥራው የሌላ ሰው እጅ ነው፤ ወይም አጫጭር ፈተናዎቹ ከቃል ጥናት አልዘለሉም፣ ማጠቃለያው ግን ማገናዘብ ጠይቋል። ለመለየት፣ የቡድን ሥራ ካስረከቡት መካከል ሁለት ሁለት ልጆችን ጠርቶ ስለ ሥራው በቃል መጠየቅና ያንን ለየግል መመዝገብ ይበቃል።

ሌላም አለ። ሁሉም 9 ወይም 10 ያመጡበት የቡድን ሥራ ከ10 ቢያዝም በተማሪዎች መካከል ያለውን ልዩነት አይነካም፤ ሁሉንም እኩል ከፍ ያደርጋል፣ ከማለፊያ በላይ ያሉትን ያበዛል እንጂ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩትም ልጆች ግን በየክፍላቸው ከ50 በላይ እያመጡ ነው 12ኛ የደረሱት። በክፍል ውጤትና በውጭ ፈተና መካከል ያለውን ርቀት በየዓመቱ ማየት ለልጆቹ የምንሰጠው ትልቅ ጥበቃ ነው።

ያልተለካውን እንደተለካ አድርገን እንዳንቆጥር

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያውም ፈተናውም እንግሊዝኛ ስለሆነ በባዮሎጂ 7 ከ20 ያመጣ ልጅ ባዮሎጂው ይሁን ቋንቋው ያልገባው ከወረቀቱ አይታወቅም። ከሳታቸው ጥያቄዎች ሦስቱን በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይጠይቁት። ከመለሰ የሚያስፈልገው የቃላትና የጥያቄ አነባበብ እገዛ ነው፤ ካልመለሰ ትምህርቱን መድገም። በታችኛው ክፍልም ቢሆን በዓረፍተ ነገር የቀረበውን ሒሳብ ስቶ ያንኑ በቁጥር ሲቀርብለት የሚሠራ ልጅ ችግሩ ንባብ ነው።

ከ17 እስከ 20 ያሉት ጥያቄዎች ባዶ የቀሩባቸውን ወረቀቶች ይቁጠሩ። ከክፍሉ አምስተኛው እጅ በላይ ከሆኑ ፈተናው የለካው ፍጥነትን ነው። ጎን ለጎን የተቀመጡ ልጆች ተመሳሳይ ትክክለኛ መልስ ማምጣታቸው ምንም አያሳይም፤ ስድስት ሰባት የተሳሳቱ መልሶችን በአንድ ዓይነት መምረጣቸው ግን ያጠራጥራል። ያኔም ክስ ሳይሆን ለሁለቱም ለየብቻቸው ሦስት ጥያቄ በቃል ማቅረብ ነው የሚገባው።

ከንባቡ በኋላ

በማግስቱ ለመላው ክፍል መደገም ያለበት ከግማሽ በላይ ተማሪ የሳተው ርዕስ ብቻ ነው። ሌላውን በስህተቱ ዓይነት በትናንሽ ቡድን ይያዙት፦ «3/8 የመረጡት» አንድ ቡድን ናቸው፣ «3/15 የመረጡት» ሌላ። ለየቡድኑ 15 ደቂቃ ማስተማርና ቁጥራቸው የተቀየረ አምስት ጥያቄዎች። ከአምስቱ አራቱን ከሠሩ ይለፉ።

የማካካሻ ትምህርት ለውጥ ሲለካ አንድ ወጥመድ አለ። ዝቅተኛ ያመጡት 10 ልጆች አማካያቸው 5 ነበር። ምንም ሳይማሩ በዚያው ክብደት እንደገና ቢፈተኑ አማካያቸው ወደ 6.6 ይወጣል፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ቀን ከታች ከተገኙት አንዳንዶቹ እዚያ የደረሱት ዕድል ስለጎደላቸው ነው (ከክፍሉ አማካይ ያላቸው ርቀት 11 ሲቀነስ 5፣ 6 ነው፤ በአስተማማኝነቱ 0.73 ሲባዛ 4.4፤ 11 ሲቀነስ 4.4፣ 6.6)። ስለዚህ ከ5 ወደ 6.5 መድረስ የማካካሻው ፍሬ ተብሎ ለርዕሰ መምህሩ ሪፖርት መደረግ የለበትም። 9 ከደረሱ ግን ሠርቷል።

ወላጅ መጥቶ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንተኛ ወጣ?» ነው። መልሱን ይስጡ፣ ግን እዚያ አያቁሙ፦ «እናትዬ፣ ልጅዎ ክፍልፋይ መደመር ላይ ታህቱን አብሮ ይደምራል፤ አስርዮሽ ግን ጥሩ አድርጎ ይሠራል። ለሁለት ሳምንት በየማታው ሦስት ጥያቄ እሰጠዋለሁ፤ መሥራቱን ብቻ ይዩልኝ። ከዚያ እንደገና እጠይቀዋለሁ።» ማንበብ የማይችል ወላጅም ቢሆን ይህንን ሊፈጽም ይችላል።

ጥሩ ሆነው የተገኙትን ጥያቄዎች በካርድ ላይ ይጻፏቸው፦ ጥያቄው፣ ርዕሱ፣ የቅለት መጠኑ፣ የመለየት አቅሙ፣ የተሰጠበት ወርና ዓመት፣ በጀርባው ደግሞ እያንዳንዱን የተሳሳተ አማራጭ ስንት ልጅ እንደመረጠውና ምን ስህተት እንደሚያሳይ። ክፍሉን በሚቀጥለው ዓመት ለሚረከበው መምህር ከማርክ ሊስቱ ጋር አብረው ያስረክቡ።